በል ተነሳ ያለው ማነው?

መዝገብ ከሰኞ ጀምሮ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጭ ትልና እሾህ እንደወጋው ሰው ብድግ ትላለች፤ መስኮቱ ድረስ ትሄዳለች፤ እዚያም የማዶው ሕንፃ ግድግዳ እንጂ የሚታይ ነገር የለም፤ ትመለሳለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ባልደረቦቿ ግን መዝገብ ማለት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ጌም በሚሠራው በዚያ ድርጅት ውስጥ ሥራዋ ማስታወስ ነው። የትኛው በር በስንተኛው ጌም ተቃጠለ፣ ፈረሱ መቼ ሞተ፣ ጀግናው ቀለበቱን ለማን ሰጠ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ሰው ከተከራከረ መልሱ "መዝገብን ጠይቋት" ነው።

አሁን የተጠየቀችው ግን መዝገቧ ውስጥ የሌለ ነገር ነው።

ጀግናው ዝምተኛው ይባላል። አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል፤ በስድስት ጌሞች ውስጥ ከሰው ጋር አንድ ቃል ተነጋግሮ አያውቅም። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው በታሪኩ መቶ ዓመት አልፏል፤ የሱ ፀጉር ግን አንዲት ሽበት አላወጣም። ተጫዋቾቹ በዚህ ጎራ ለይተው ይጣላሉ። አንዱ ወገን "ያው አንድ ሰው ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው እንጂ! ጠባሳው ከሦስተኛው ጀምሮ ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ዓይን የላችሁም እንዴ?" ብሎ ይሟገታል። ጠባሳው የዞረው ሠዓሊው ተቻኩሎ ሥዕሉን ስለገለበጠው መሆኑን መዝገብ ታውቃለች። ያ ጉድ እስከ ዛሬ ከቢሮው አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ሰባተኛውን ከመጀመራችን በፊት ቁርጡን ማወቅ አለብን" አላት። "አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያየ? አንድ ገጽ ጻፊልኝ። ሐሙስ ከሰዓት እናጸድቀዋለን።"

"አንተስ የቱን ትፈልጋለህ?"

"እኔማ... አልደብቅሽም፣ የተለያየ ቢሆን ይሻለኛል። ለሰባተኛው አንድ የቲያትር ሰው አግኝተናል። ጋሼ ትንፋሽ እንግዲህ... አንቺም ታውቂያለሽ።"

እንዴት አታውቅ! ጋሼ ትንፋሽ አባቷ ናቸው። ዝምተኛው ስድስቱንም ጊዜ ሲያለከልክ፣ ሲያቃስት፣ ገደል ሊዘል ሲል አየር ሲስብ የሚሰማው የሳቸው ትንፋሽ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አምና ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወዲህ ግን ድምፃቸው ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ይንቋቋል፤ ትንሽ ጮክ ካሉ ደግሞ ጭርሱን ይጠፋል። እሳቸው እቴ፣ ምን ተስፋ ቆርጠው! በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት ገብተው ጉሮሯቸውን በእንፋሎት እያሞቁ "እህ! ኧህ!" እያሉ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ "ሰው እየተደበደበ ነው እንዴ?" ብሎ ጠይቋል። ሰባተኛው ጌም እሳቸውን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። እንደማይጠብቅ ልትነግራቸው መዝገብ ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች።

"የተለያየ ነው" ብላ ብትጽፍ አባቷን በገዛ እጇ መሰረዟ ነው። "አንድ ሰው ነው" ብላ ካስረዳች ግን አንድ ሰው ሁለት ትንፋሽ ስለማይኖረው የድሮውን ቅጂ እየቆራረጡ መጠቀማቸው አይቀርም፤ አባቷም አሉ ማለት ነው። ስለዚህ ማክሰኞንና ረቡዕን ማስረጃ ስታስስ ዋለች። ስድስቱንም ጌሞች በየማዕዘኑ ፈተሸች፤ ሻይዋ እየቀዘቀዘ፣ እሷ እየቆመች እየተቀመጠች።

ያገኘችው አንድ ማስረጃ ነው፤ ግን የዋዛ አልነበረም። ዝምተኛው ሲወድቅ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ከዚያ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ "በል ተነሳ" ሲባል ይሰማና ይነሳል። በስድስቱም ጌሞች ድምፁ ያው ነው፤ የፋይሉ ስም እንኳ አልተለወጠም። አባቷ ቤት ውስጥ ከሶፋው ሲነሱ ለራሳቸው የሚሉትም እንደዚሁ ነው። ዝምተኛውም ለራሱ እየተናገረ ነዋ! መቶ ዓመት ሙሉ ራሱን በአንድ ድምፅ የሚያነሳ ሰው አንድ ሰው መሆን አለበት። አባቷ "አዎ፣ የኔ ድምፅ ነው" ብለው ሁለት መስመር እንዲጽፉላት ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሮጠች።

አባቷ ወጥ ቤት ቆመው ድንች ይልጣሉ። ሰላም ሳትል ጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረገችና ድምፁን ከፈተችላቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ይሄ እኮ እኔ አይደለሁም" አሉ።

"አባዬ፣ አትቀልድ። ሰዓት የለኝም።"

"ምን አስቀለደኝ? ጆሮ ነው።"

ጆሮ የሚሉት የመጀመሪያውን ጌም ድምፅ የቀዳውን ባለሙያ ነው፤ የአባቷ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መዝገብ ከማቀዝቀዣው እስከ በሩ አንዴ ሄዳ ተመለሰች።

"ያኔ የምን ስቱዲዮ ነው" አሉ አባቷ። "ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር የምንቀዳው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ፍራሽ ላይ እዘላለሁ። እሱ 'አወዳደቅህ እውነት አይመስልም፣ ድገመው' ይለኛል። አሥራ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ። በአሥራ አራተኛው ፍራሹ ሸሸና ወለሉን በጎኔ አገኘሁት። ትንፋሼ ቀጥ አለ። ሞተ ብሎ ሮጦ መጣ፤ ዓይኔን ስገልጥ ሲያይ 'በል ተነሳ' አለኝ። ማይክሮፎኑን የዘጋ ሰው አልነበረም።"

"እና ስድስት ጌም ሙሉ ዝም አልክ?"

"ስህተት ነው ብለው ቢያወጡትስ? እሱ ከሞተ በኋላማ እንዴት ብዬ! ሲናፍቀኝ ጌሙን እከፍትና እወድቃለሁ።"

"ለኔስ? ለኔ አትነግረኝም?"

"አንቺማ መዝገብ ነሽ፤ ከሰማሽ ትጽፊዋለሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ደሟ ፈላ። "የነበረኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር!" ብላ ጮኸች። ካመለጣት በኋላ አፏን ያዘች።

አባቷ የተላጠውን ድንች ውኃ ውስጥ ጨመሩት። "ሰባተኛው ላይ እኔ የለሁም፣ አይደል?" አሉ። "ተቀምጠሽ እህል ከበላሽ ሦስት ቀንሽ ነው። የታመመው ጉሮሮዬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው።"

አለቀሰች። እሳቸውም ከፋቸው፤ መከፋታቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም። "ትንሽ ቀን ስጡት ብትያቸው ምን አለበት? ትናንት እኮ ደህና ወጥቶልኝ ነበር" አሉ፤ በዚያችው በምትንቋቋ ድምፅ። መዝገብ እንደማይሆን ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ድስቱን እሳት ላይ ጣዱት።

"የሚተካኝ ሰውዬ መውደቅ ይችላል?" አሉ በመጨረሻ።

"የቲያትር ሰው ነው።"

"የቲያትር ሰውማ ሲወድቅም አምሮበት ነው። እሱን ደግሞ ማን ያነሳዋል?"

መዝገብ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ባዶ ወንበር ሞልቶ በነበረበት አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ገጹን ቆማ ጻፈችው።

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። "ዝምተኛው በስድስቱም ጌሞች አንድ ሰው ነው። የጠባሳው መዞር የኛ ስህተት ነው። 'በል ተነሳ' የሚለው ግን እሱ አይደለም፤ ከሱ በፊት በዚያው መንገድ ያለፈ ወዳጁ ነው። በሰባተኛው አዲስ ሰው ይመጣል። አዲሱ ሲወድቅ የሚያነሳው ዝምተኛው ይሆናል።" ወረቀቱን አገላበጠ። አዲስ ሰው አግኝቷል፤ የሚያጣው ነገር የለም፤ ቢሆንም አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"የጋሼ ትንፋሽ ድምፅ እኮ..."

"ሁለት ቃል ናት" አለች መዝገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

"እሺ። የኛ ስህተት የሚለውን ግን አውጪው።"

"እሱም አይወጣም።"

በሦስተኛው ሳምንት መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ጋሼ ትንፋሽ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጥተው ማይክሮፎን አጠገብ ተቀምጠዋል። አዲሱ ሰውዬ ከሳጥኑ ላይ ዘለለ፤ ወደቀ፤ እንደተፈራውም አምሮበት ወደቀ። ጋሼ ትንፋሽ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከአየር በቀር የወጣ የለም። ደገሙት። አሁንም የለም። በሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፤ መዝገብ ከመስተዋቱ ማዶ፣ ከድምፅ ባለሙያዋ ኋላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። በአራተኛው አዲሱ ሰውዬ ደክሞት ነው መሰለኝ እግሩ ከሳጥኑ ጫፍ አዳለጠው፤ ግማሽ አካሉ ፍራሹ ላይ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ዷ ብሎ አረፈ። ያ አላማረበትም። ትንፋሹ ቆመ።

ጋሼ ትንፋሽ ማይክሮፎኑን ትተው ተነሱ። ወንበሩን እየገፉ፣ ጫማቸውን እየጎተቱ ሄደው አጠገቡ በርከክ አሉ። ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ።

"በል ተነሳ" አሉት።

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ግን ወጥቷል። ሰውዬው እጃቸውን ይዞ ተነሳ። የድምፅ ባለሙያዋ ወደ መዝገብ ዞረች።

"የወንበር ድምፅና የእግር ኮቴ ገብቷል፤ እናስደግማቸው?"

"ተይው፣ ይግባ" አለች መዝገብ፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች።