በአልአዛር በኩል

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። ታናሽ ወንድሜ ሕዝቅያስ ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥቅል የንድፍ ወረቀት ይዞ ታቦር ሰፈር ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ የመጣ ቀን፣ አባባ ከወንበራቸው ቀና ብለው «አንተስ ሰው ወጣህልኝ!» አሉት። እኔ እዚያው አጠገባቸው የደንበኛ በር እየላግሁ ነበር። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስኖር እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

አባባ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ሐይቁን የሚያዩት ከዳር ሆነው ነው። ተራ ጀልባ ይወዛወዝባቸዋል፤ አንዴ ሊሳፈሩ ሲሉ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። የሕዝቅያስ መላ ካታማራን ነበር፤ ሁለት ጠባብ ታንኳዎች ጎን ለጎን በወራጅ ይያያዛሉ፣ መሃላቸው ቀዛፊውን ብቻ የሚችል ስስ ርብራብ አለ።

«አይወዛወዝም፤ ግን ሁለቱ ታንኳዎች ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት። ቀኙን አንተ ሥራው፣ ግራውን እኔ፤ ምን ትላለህ ጋሼ?» አለኝ።

«እኔ በአልአዛር በኩል እቀመጣለሁ፤ የእሱ ሥራ አይከዳኝም» አሉ አባባ።

ያችን ቃል ሳምንት ሙሉ እንደ ከረሜላ ስመጥጣት ሰነበትኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ዕፀገነት መጣችና፣ የእኔን ታንኳ አልፋ የሕዝቅያስን እየዳበሰች «ውይ፣ ይሄኛው ሲያምር!» አለች። አባባም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። መጋዝ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ! በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ፣ ወረቀቱ የማያውቀውን ወፍራም የዋንዛ ጣውላ በታንኳዬ ሆድ ደረብኩና በኮምፔንሳቶ ከደንኩት። የእኔ ይበልጥ እንዲጠነክር ነው፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በአይሱዙ ጭነን ሐይቁ ዳር አወረድናቸው። የእሱን አራት ሰው አነሳው፤ ለእኔ ሁለት ሰው መጨመር ነበረብን። ሕዝቅያስ ዞር ብሎ አየኝ። ወራጆቹን አጋድመን ብሎኑን አጠበቅንና ገፍተን ውሃ ውስጥ አስገባነው።

አባባን አቅፈን በቀኝ፣ በእኔ ታንኳ ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ ሚዛን ልጠብቅ በግራ ተቀመጥኩ፤ ሕዝቅያስ መቅዘፊያውን ይዞ መሃል ገባ። ጀልባው ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ውሃው የአባባን ጫማ ነካ፤ ወራጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«መንታው አነከሰ!» ብሎ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጮኸ፤ ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ።

ሕዝቅያስ ወደ ሰዉ ዞሮ «የእኔ ጥፋት ነው፣ ስሌቱን ተሳስቻለሁ!» አለ።

ያውቃል እኮ! ታንኳዬን ራሱ በእጁ አንስቶታል። በደግነትም እንኳ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ወደ ግራ ይምጡ፤ በእኔ በኩል» አላቸው። ደግፈን አሻገርናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ለሚዛኑ የአባባ ክብደት ብቻ ይበቃል፤ አንተ በየትኛውም በኩል ብትሆን ዘመም ይላል። ይቅርታ።»

ወረድኩ። ውሃው እስከ ወገቤ ነው። ጀልባው ወዲያው እንደ ጠረጴዛ ቀጥ አለ፤ ሰዉ አጨበጨበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ወራጁን ግን አልለቀቅኩም።

«አባባ፣ ስሌቱ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ጣውላ የደረብኩበት።»

«ለምን?»

«ከእሱ እንዲበልጥ።»

ባዶውን የእኔን ታንኳ አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ታዲያ በለጠ እኮ» አሉ፤ ቀስ ብለው። «በል፣ አሁን ልቀቀን ልጄ።»

ለቀቅኳቸው። ሕዝቅያስ ቀዘፈ። አባባ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሲስቁ ሰማኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ አሁንም ቀናሁ። በወንድሜ ግን አይደለም፤ በጣውላዬ ነው። ጣውላው ቢያንስ አብሯቸው ሄደ።