ልቅሶ ቤት የተነሳ ሞተር

መጋቢት አስራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማንኩሽ ከተማ፣ እነ ደራርቱ ግቢ ሁለት ሰዎች የጀልባ ሞተር ተሸክመው ገቡ። ወንድሟ ሁንዴ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የግድቡ ሐይቅ ላይ ከቀረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ አልተነቀለም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ያው ሞተር ነው፣ ነፋስ ሲነሳ መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ ብሎ ጀልባዋን ለማዕበል የሰጠው። የሁንዴ ሸሪክ ባቢከር የተገለበጠችውን ጀልባ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ተረፈ። ሞተሩም ከጀልባዋ ጋር ተጎትቶ ወጣ። ሐይቁ ብረቱን መልሶ ሰውየውን አስቀረ።

"ወላሂ እኔ ዛሬ ይቅር ብዬ ነበር" አለ ባቢከር፣ ደራርቱን ቀና ብሎ ሳያያት።

አብሮት የተሸከመው መካኒኩ ታረቀኝ ግን የሚያፍር ሰው አይደለም። "እህት ዓለም፣ ለቅሶውም ይለቀሳል፣ ሥራውም ይሠራል። ሞተሩ የጋራ ነውና ቃላችሁን እንፈልጋለን። ፒስተኑን ቀይሬ ላድሰው ወይስ ተጥሎ ሌላ ይገዛ? ካደስኩት ዮሚፍ ሰኞ በወንድሙ ቦታ ይወጣል።"

ዮሚፍ የደራርቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋና አይችልም። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

"ሰው የበላ ብረት!" አለች ደራርቱ። "ሌላ ግዙ። ካልቻላችሁ ይቅር።"

"ኧረ በልክ! ብረት ደግሞ ምን ሰው ይበላል? ይኸው አስነስቼ ላሳይሽ።"

ለቀስተኛው አንገቱን አሰገገ። አንዱ ሽማግሌማ የጎረሱትን ሳይውጡ፣ "አሮጌው ነው የሚሻለው፤ የዛሬ ዕቃ ፌስታል ነው" አሉ። ታረቀኝ ሞተሩን ለቀስተኛ እጁን የሚታጠብበት የእድሩ በርሜል ላይ አሰረው። ውኃ የሚቀዝፈው ክንፉ ላይ የተጠመጠመው የበሰበሰ ሣርና የዓሣ ቅርፊት ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ጥቁር ዘይት ተከትሎ ተዘረጋ።

ታረቀኝ ገመዱን ሳበ። እምቢ አለ። ካንዴላውን ነቅሎ፣ እፍ ብሎ፣ በልቅሶው ድንኳን ሸራ ጠርጎ መለሰው። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ አጓራ።

"ነፍስ ዘራ!" ብሎ ጮኸ ታረቀኝ። "አልሞተም ብያችሁ አልነበር? ይኸው ነፍስ ዘራ!"

ወንዶቹ አጨበጨቡ።

የእነ ሁንዴ እናት እማማ ገላኔ ጓዳ ጋደም ብለው ነበር። በባዶ እግራቸው፣ ሻሻቸው ወልቆ፣ እየተንገዳገዱ ወጡ። ፊታቸው በርቷል።

"ኤሳ ጂራ? የት አለ ልጄ? የት አስቀመጣችሁት?"

ጭብጨባው ቆመ። እማማ ገላኔ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ሲመረምሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ በርሜሉን አዩ። ሊወድቁ ሲሉ ደራርቱ ደርሳ ያዘቻቸው።

"አጥፋው!" ብላ ጮኸች ደራርቱ።

"ደቂቃ ይሙቅ፤ አሁን ከጠፋ መልሶ ያስቸግራል" አለ ታረቀኝ።

ዮሚፍ ብድግ ብሎ የነዳጁን ጎማ መዞ ጣለው፤ ሞተሩ ጠፋ። "አደስከውም ጣልከውም፣ ከዚህ ቤት ሐይቅ የሚወርድ የለም" አለ።

"የሁንዴን ድርሻ ለባቢከር ትተናል" አለች ደራርቱ። "ብቻ ከዓይናችን አርቁልን።"

ሽማግሌው ወጥ የተቀባ እጃቸውን አንከርፍፈው በርሜሉን አዩ። "ታዲያ እኛ በምን ልንታጠብ ነው?" አሉ።

በኋላ ባቢከር ሞተሩን ሳያሳድስ ለቁራሌው ሸጦ ሌላ ገዛ። ዮሚፍ አሶሳ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል።