የዑስማን ንግድ ፈቃድ

ጦርነቱ ንብረታቸውን ላወደመባቸው የሰቆጣ ነጋዴዎች የተሰጠው የግብር ምሕረት በየዓመቱ በምክር ቤት ይታደስ ነበር። ዘንድሮ ሳይታደስ ቀረ። አልከለከሉትም እኮ! ቢከለክሉት ደግ ነበር፤ ተሟግተን እንሸነፍ ነበር። አጀንዳው ላይ ሳይደርሱ ሰኔ አለቀ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ለክረምት እረፍት ተበተኑ።

እኔ ምሳው እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ግብር ትንሽ ናት፤ ምላሴ ግን ትንሽ አይደለችም። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነጋዴው ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። አንድ የምክር ቤት አባል ወጥቶ፣ «ጊዜ አጠረን፤ በጥቅምቱ ጉባኤ የመጀመሪያው አጀንዳ ይሆናል» አለ። ደሜ ፈላ።

«የእናንተ ዛሬ ነገ ስንቱን ቤት ያፍርስ?» አልኩት ከሰው መሐል። «እጅ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሰውን አንጠልጥሎ መሄድ ነውር አይደለም?»

ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ዓሚኔ ብቻ አላጨበጨበችም።

ዓሚኔ የዑስማን ሚስት ናት። ዑስማን ጨርቅ ነጋዴ ነው። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በእሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ እሱ ለክቶ ይሸጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ፣ በ2014 ግንቦት፣ በዱቤ የሰጠውን ሊሰበስብ ወደ ቆላው ገበያ ወደ ኒሯቅ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ዓሚኔ ግን አርብ አርብ ሱቁን ከፍታ ባዶ መደርደሪያውን ትወለውላለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አቧራውን ታራግፋለች፣ ትዘጋለች። ኑሮዋ ገበያ ላይ ሸራ አንጥፋ በምትሸጠው ጨውና ስኳር ነው።

ምሕረቱ ሲያልፍ የዚያ ባዶ ሱቅ ግብር መጣባት። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ግብር ይቆጠራል አሏት። የሚመልሰው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ባለቤቱ ከሞተ በሦስት ምስክር የተረጋገጠ የሞት ወረቀት ያስፈልጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«በገዛ አፌማ አልገድለውም» አለችኝ። «እከፍላለሁ።»

አሁን የማወራውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። በገበያ ቀን፣ ሰው በሚበዛበት በጠራራ ፀሐይ፣ ከተዘጋው የሱቁ በር ኋላ ድምፅ ይሰማኛል። ዑስማን ለክቶ ሲጨርስ የእንጨት ሜትሩን ባንኮኒው ላይ ሁለቴ ያንኳኳ ነበር። ያ ነው የሚሰማኝ። እግሬን ከመርገጫው ሳነሳ ዝም ይላል፤ መስፋት ስጀምር ይመለሳል። አይጥ ነው እላለሁ። አይጥ ጨርቅ ይበላል እንጂ አይለካም። ምሕረቱ ካለፈ ወዲህ ደግሞ ባሰበት፤ ማጅራቴ ላይ ሰው የቆመ እየመሰለኝ መርፌው ስንት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ።

እፈራዋለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ዑስማን በጠፋ በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ ላይ፣ ደረሰ የሚባል የቆላው ዝቋላ ፍየል ነጋዴ ኮት ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ።

«በኒሯቅ መንገድ ገደል ሥር ሰው ሞቶ አግኝተን ቀበርን» አለኝ። «ኮቱ የከተማ ስፌት ነው። የሰፋው ሰው ያውቀው ይሆናል ብዬ ነው።»

ኮቱን ገለበጥኩት። የውስጥ ኪሱ በአረንጓዴ ክር ነው የተሰፋው። ጥቁር ክር አልቆብኝ፣ ዑስማንም «ውስጡን ማን ያየዋል» ብሎ ስቆ፣ በገዛ እጄ የሰፋሁት ነው።

ያን ዕለት ዓሚኔ ምጥ ይዟት ነበር። ትገላገል አልኩ። ያስሚን ተወለደች። አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ትንሽ ትጠንክር አልኩ። ከዚያ ጾማቸው ገባ፤ ከዚያ ዒድ ሆነ፣ በዒድ ማን መርዶ ያረዳል? መርዶ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ልሰብስብ ብል ደግሞ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይሉኛል። በዘገየሁ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ። ኮቱን ፍራሼ ሥር ከትቼ በላዩ ላይ ተኛሁበት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዓሚኔ ሁለቱን የወተት ፍየሎቿን እየጎተተች መጣች።

«ምሳው ወንድሜ፣ ለግብሩ ልሸጣቸው ነው፤ አንተ ምላስ አለህ። ዋጋውን ተከራከርልኝ።»

የፍየል ተራው ጭቃ ነበር፤ ዝናቡ ያካፋል። ገመዱን እኔ ያዝኩ። ገዢ ተገኘ፤ ተከራክሬ ዋጋውን አስጨመርኩት። ሰውየው ብሩን ከኪሱ አውጥቶ መቁጠር ጀመረ።

«ያስሚን ምን ትጠጣ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አባቷ ሲመጣ ሌላ ይገዛላታል» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። አንጀቴን በላችው።

«አትሽጪ» አልኩ።

«ምን ነካህ?»

«አትሽጪ፣ ዓሚኔ። ዑስማን ሞቷል።»

ገዢው ቆጠራውን አቆመ። እኔም ከአፌ የወጣውን መመለስ አልቻልኩም፤ ደረሰን፣ ኮቱን፣ አረንጓዴውን ክር፣ ሁሉንም እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ነገርኳት።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«ያስሚንን የወለድሽ ዕለት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዝናቡ ነጠላዋን አበስብሶታል።

«ሲቀብሩት ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረውታል?»

ይህን ደረሰን አልጠየቅኩትም ነበር። ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም።

«አላውቅም» አልኳት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላም መልሰው እያልኩ ለመንኩለት» አለች። «ለሞተ ሰው የሚደረገውን ዱዓ አንድ ቀን አላገኘም። የመበለት ዒዳ እንኳ አልተቀመጥኩለትም።»

«ዓሚኔ፣ አስቤልሽ ነው…»

ገመዱን ከእጄ ወሰደች። ፍየሎቹ ተከተሏት። ትንሽ እንደሄደች ቆማ ዞረች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን ተራው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማት።

«አንተ ምሳው፣ ያን ለት በሰው ፊት ስትሰድባቸው ሰምቼሃለሁ። እነሱ እኮ ያሳለፉት አንድ ሰኔ ነው።»