ናፍጣ ነው ብያለሁ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛው መኪና ሻጭ በር ላይ ስንደርስ ልጄ ኮሪን አልወርድም አለች።

«እማ፣ አንቺው ገብተሽ ጠይቂ። ሁለቱ ቦታ የተሳቀብኝ ይበቃኛል።»

«የተሳቀው በእኔ ነው እንጂ በአንቺ ነው እንዴ?»

«ከአንቺ ጋር ስቆም በእኔም ነው።»

ብቻዬን ገባሁ። ሻጩ ትሬቨር የሚባል ጢሙን በቅባት ያሾለ ወጣት ነው። በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንደምፈልግ ስነግረው ፊቱ በራ።

«ናፍጣ? አለን እንጂ ወይዘሮ! ይምጡ።»

ለአፍታ ልቤ ረጋ። ከሕንጻው ጀርባ ወስዶ ያቆመኝ ግን ኮፈኑ አንገቴ የሚደርስ ፒክአፕ ፊት ነው።

«ይሄ ቤት ይጎትታል» አለኝ በኩራት።

«ልጄ ቤት አትጎትትም። ነርስነት ልትማር ነው።»

በሕንጻው መስታወት አሻግሮ መኪና ውስጥ ያለችውን ኮሪንን አያት። ልጄ አጭር ናት። «መሰላሉን በነፃ እንሰጣታለን» አለ።

«እኔ የምፈልገው እንደዚያች ያለ ነው» ብዬ ኮሪን የተቀመጠችባትን የእኔን አሮጌ የጀርመን መኪና አሳየሁት።

«እንደሷ ያለማ ቀረ። ፋብሪካው በጭስ ምርመራ ሲያጭበረብር ከተያዘበት ቅሌት ወዲህ የሚያስመጣት የለም። ያገለገለ እንዳይፈልጉ ደግሞ ያላቸው ሰዎች አይሸጡም። እርስዎ ይሸጡልኛል?»

«በፍጹም!»

«አዩ?» አለኝ።

«ባሕር ማዶ እኮ ታክሲው ሳይቀር ናፍጣ ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ትማራ።»

የግቢውን በር ወርውሬው ወጣሁ።

ኮሪን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ካምደን ትምህርት ቤቷ መገኘት አለባት። በመጀመሪያው ቀን የቀረ ተማሪ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ብለው በደብዳቤ ጽፈዋል። ከእኛ ከቫይንላንድ ካምደን አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። አውቶቡሱ ደርሶ የሚያራግፈው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መኪና የግድ ነው። መኪናው ደግሞ ናፍጣ መሆን አለበት። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያትም አለኝ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የቤንዚን መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ሲነድ አይቻለሁ። ሰዎቹ ወርደው ነበር፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ባይወርዱስ ኖሮ ስል አደርኩ። መካኒክ የሆነው ወንድሜ ኦጊ ሊያጽናናኝ ጋራዡ ወሰደኝና ቆርቆሮ ውስጥ ናፍጣ ቀድቶ የተለኮሰ ክብሪት ጣለበት። ክብሪቱ ቸስ አለና ጠፋ። ከዚያ ቀን በኋላ የናፍጣ እንጂ የቤንዚን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ኦጊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ክብሪት ባልጫርኩ እያለ ይኖራል።

እሑድ ከሰዓት ኦጊ ትርፍ መኪናውን ይዞ መጣ። ቤንዚን ነው።

«ሎሪ፣ በቃ ይሄን ትያዝ። ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ።»

«ከኋላ የተገጨች እንደሆነስ?»

«ማን ይገጫታል?»

«አንዱ ስልኩን እያየ የሚነዳ።»

«አንቺ እኮ አምቡላንስ ብትገዢላት ለአምቡላንሱ ሌላ አምቡላንስ ታስከትያለሽ።»

ኮሪን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አልሳቅሁም። የራሴን መኪና ቁልፍ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የእኔን እሷ ትይዛለች፤ የኦጊ ግቢ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ በእግሬ እሄዳለሁ።

ከዚያ ነዳጅ ላስሞላላት ወደ ማደያችን ሄድኩ። በከተማችን የማምነው አንድ የናፍጣ መቅጃ ብቻ ነው፤ እሱም ያን ቀን በላስቲክ ተሸፍኖ «አይሠራም» ተለጥፎበታል። ከመቼ ጀምሮ? የማደያው ሠራተኛ ትከሻውን ነቀነቀ። ማን ይጠቀምበታልና!

«ግማሽ ታንክ አለው» አለ ኦጊ ቤት ስመለስ። «ካምደን ደጋግሞ ያመላልሳታል።»

«መንገድ ቢዘጋስ? ግማሽ ይዛ አትሄድም። ጠዋት መንገድ ላይ ትሞላለች።»

እኛ ግዛት ሹፌር በገዛ እጁ ቤንዚን እንዳይቀዳ ሕግ ስላለ ናፍጣውንም ሠራተኛው ነው የሚቀዳልን፤ እኛ ቁጭ ብለን መስኮት ዝቅ እናደርጋለን። ስለዚህ ኮሪንን አስጠናኋት። ናፍጣ ብለሽ ሁለት ጊዜ ተናገሪ። የነዳጁ ታንክ ክዳን ላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ አሳዪው። ምን እንደተቀዳ ሳታረጋግጪ ሞተር እንዳታስነሺ፤ ቤንዚን የገባበት የናፍጣ ሞተር ከተነሳ አለቀለት። አሥር ጊዜ «እሺ እማ» አለችኝ። አሥረኛው «እሺ» አልነበረም፤ ትንፋሽ ነበር።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደች። በአሥር ደቂቃ ደወልኩ፤ እየነዳሁ ነው ብላ ዘጋችብኝ። በሃያ ደቂቃ ደግሜ ደወልኩ።

«እማ፣ ማደያ ነኝ። እየቀዳልኝ ነው።»

«ምን?»

«ነዳጅ ነዋ!»

«ምን ነዳጅ?»

«ናፍጣ ብዬዋለሁ፣ ሁለቴ።»

«ውረጂና እዪ።»

«እማ፣ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል!»

«ውረጂ ብያለሁ!»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የእሷ ድምፅ፦ «ይቅርታ፣ ይሄ ምንድን ነው?» የሆነ ሰው ተረጋግቶ መለሰ፦ «ቤንዚን።»

«እማ» አለችኝ፣ በስድስት ዓመቷ ጉልበቷን ልጣ በመጣችበት ድምፅ።

«ሞተሩ ተነስቷል?»

«አልተነሳም።»

«ቁልፉን ይዘሽ ራቂ። መጣሁ።»

ወደ ግቢ ስወጣ የቆመው የኦጊ መኪና ብቻ ነው። ብዙ አላሰብኩም፤ ባስብ ኖሮ አልሄድም ነበር። መንገዱን ሙሉ አፍንጫዬን ለጭስ አቁሜ ነዳሁ። አንዴ ሸተተኝ፤ ከፊቴ የሚሄደው ሰውዬ ሲጋራ ነበር።

ማደያው ስደርስ ኮሪን መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ሠራተኛው አጠገቧ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ዌንደል ተጽፏል፤ ሽማግሌ ነው።

«ናፍጣ አላለችህም?» አልኩት ገና ሳልወርድ።

«ብላኛለች።»

«ታዲያ?»

«ወይዘሮ፣ ሃያ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ። ናፍጣ ለከባድ መኪና ነው። ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው አልኩና አዳንኳት።»

«አዳንካት?»

«እንግዲህ እኔ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።»

«ክዳኑ ላይ በቀይ የጻፍኩትስ?»

«አይቼዋለሁ። ከሌላ መኪና የመጣ ክዳን መሰለኝ።»

ምን ትሉታላችሁ? ሰውዬው ክፋት የለበትም። ሁለቴ ነገሩት፣ ጽፈው አሳዩት፤ ዓይኑ ግን ትንሽ መኪና አየ፣ አለቀ። ኮሪን ሰዓቷን አየች። ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። ኦጊ ጎታች መኪና ይዞ እስኪመጣ፣ ቤንዚኑን ከታንኩ እስኪያስወጣ ድረስ ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ቦታው የተጠባባቂው ሆነ።

እጄ ላይ ያለው የኦጊ ቁልፍ ነው። ጨብጬው ቆየሁ። ኮሪን አልጠየቀችኝም፤ መጠየቅ እንደማይገባት ታውቃለች። የኦጊን መኪና ግን አየችው፣ ከዚያም እኔን።

«ይሄን ነድተሽው መጣሽ?»

«ነዳሁት። እስካሁን አልነደደም። በይ፣ ያዢ።»

«እማ…»

«ቀበቶሽን እሰሪ። በቀኝ መስመር ሂጂ። ቤንዚን ቤንዚን የሸተተሽ እንደሆነ አቁመሽ ዝለዪ። ሂጂ አሁን፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ዋናው መንገድ እስክትገባ አየኋት፤ ከገባችም በኋላ ቆምኩ። ከዚያ አቅጣጫ የሚነሳ ጭስ አልነበረም።

ዌንደል ቡናውን ይዞ መጣና አጠገቤ ቆመ። «እኔ የማይገባኝ» አለ፣ «ለምን እንደ ሰው ሁሉ አንድ የቤንዚን መኪና አትገዙም?»

ቡናውን ሸሚዙ ላይ እንዳልደፋበት እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የኮሪን መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። «ደረስኩ። ክፍል ገብቻለሁ። ስመለስ ነዳጅ ላስቀዳ? መኪናው ግማሽ ነው ያለው።»

ወዲያው ጻፍኩላት፦ «ማደያ እንዳትገቢ። ግማሽ ይበቃሻል።»