ከኋላ የቀረው ሃምሳ አንድ ኪሎ

ባንቺአየሁ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ክብደቷ ግን ከባሏ ብስክሌት የኋላ መጫኛ ላይ አልወረደም። ሃምሳ አንድ ኪሎ ነው።

ባሏ አንማው ይህን ያወቀው በአርባዋ ማግስት ነበር። የተዝካሩ ድንኳን ፈርሶ፣ የእድሩ ወንበር ተመልሶ፣ ቤቱ ጭር ሲልበት፣ ትንሽ አየር ልቀበል ብሎ ብስክሌቱን ከግድግዳው አነሳ። የኋላው ጎማ ሰው እንደተቀመጠበት ተጨፍልቋል። ነፋው። መልሶ ተጨፈለቀ። እንዲሁ ወጥቶበት ወደ ቤዛዊት ዳገት ሲነዳ፣ ኩርባው ላይ ብስክሌቱ ወደ ጎን ቢያዘነብልም ከኋላው ያለው ነገር ቀጥ ብሎ ቀረ። ባንቺአየሁ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ኩርባ ላይ ከእሱ ጋር ማዘንበል ለምዳ አታውቅም። አንማው ማን እንደሆነች ገባው። ዞሮ አላየም፤ ጉድጓዶቹን እየሸሸ መንዳት ጀመረ።

ብስክሌቱ ለረጅም መንገድ የተሠራ አረንጓዴ የብረት ብስክሌት ነው። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የተወለት። አንማው የዝናብ ለኪ ነበር፤ ከባሕር ዳር እየተነሳ መራዊ፣ አዴት፣ ዳንግላ ድረስ እየዞረ የየጣቢያውን መለኪያ አንብቦ በሚሊ ሜትር ይመዘግባል። ቅዳሜ ከሆነ ባንቺአየሁ ከኋላ ትቀመጥና አብራው ትዞራለች። ጡረታ ከወጣ በኋላም ግቢው ውስጥ አንድ መለኪያ ተክሎ መመዝገቡን ቀጠለ። እንዲመዘግብ የጠየቀው ሰው የለም።

ብስክሌቱን ወደ ጠጋኙ ወደ ይሁኔ ወሰደው። ይሁኔ አገላብጦ አየና ከጎረቤቱ የእህል መደብር ሚዛን ላይ አቆመው።

«ጋሼ፣ ይሄ ብስክሌት አሥራ ስድስት ኪሎ ነበር።»

«ነበር።»

«አሁን ስልሳ ሰባት ይላል። ሰው አለበት።»

«ባንቺአየሁ ናት።»

ይሁኔ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናዎት» አለ። «እንግዲያው ወፍራም ጎማ እናድርግላት።»

በዚያው ቀን ወፍራም ጎማ ገባ። በዓመቱ ቸርኬዎቹ ተቀየሩ፤ ከዚያ ሰንሰለቱ፣ ፍሬኑ፣ ፔዳሉ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ መሪው። አንማው በየሳምንቱ ግራሶ ይቀባዋል፤ መጫኛው ላይ የታጠፈ ጋቢ አስሮበታል፣ እንዳይጎረብጣት። በወሩ መጨረሻ ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ የለመደበት ሙያ ነውና ይመዘግባል። በዐቢይ ጾም ሁለት ኪሎ ትቀንሳለች፤ በዳግም ትንሣኤ ትመልሰዋለች። ጎረቤቶቹ አዲስ ግዛ ቢሉት አልሰማም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ሳቁበት። ቢስቁ ምን አገባው፤ እነሱ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ደህና ዋልክ የሚላቸው አለ። እሱ ያለው ይኸው ክብደት ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ከኮርቻው በታች ብረቱ እንደገና ተሰነጠቀ። ይሁኔ ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው።

«ሁለቴ በይደነዋል። ሦስተኛ አይይዝም። ብረቱ ደክሟል፣ ጋሼ።»

ደብረ ማርቆስ የምትኖረው፣ ትሁን የምትባለው ልጁ ይህን ስትሰማ አዲስ ብስክሌት በአውቶቡስ ጭና ላከች። ሃያ አንድ ማርሽ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ብስክሌት ነው። «አባዬ፣ በቃህ፤ ያንን ብረት ተወው» አለችው በስልክ። እናቷ ከላዩ እንዳለች አልነገራትም። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።

አንማውን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ አዲሱ ትዛወራለች ወይስ አትዛወርም? ይሁኔ መጫኛውን ከነጋቢው ፈትቶ አዲሱ ላይ አሰረና መዘነ። የአዲሱና የመጫኛው ብቻ ነው፤ አሥራ አምስት። ኮርቻውን አዛወረ። ምንም። መልሶ አሮጌው ላይ ሲገጥመው ስልሳ ሰባት። ከመጀመሪያው ዕቃ ሳይዛወር የቀረው ብረቱና መሪው ላይ ያለው ደወል ብቻ ሆነ። ደወሉ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ይሄስ?»

«እሱን ተወው። የሐዘን ነው። በቀብሯ ዕለት ነው ያሰርኩት። ሐዘን ላይ ደወል አይደወልም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አልፈቱትም?»

«ማን ፍታ አለኝ?»

ይሁኔ ኩርሲው ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ የመጨረሻ ቀን ከዚህ ላይ እንዴት ነው የወረደችው?»

አንማው ነገረው። የተጋቡ ሰሞን ባንቺአየሁ ብስክሌቱ ሳይቆም ዘላ ወርዳ እጇን ተሰብራ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ቀለደባት፤ ቀጥሎ ግን ደንግጦ ስለነበር አስማላት። ሁለት ጊዜ ደወል ደውሎ «ደርሰናል፣ ውረጂ» ሳይላት እንዳትወርድ። በማርያም ማለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላፈረሰችም። በወረደች ቁጥር ግን ታሾፍበታለች፤ «ለእኔስ አንተ አለህልኝ፤ ላንተ ማን ይደውልልሃል?» በመጨረሻው ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ራሷን ስታ ነበር። ሰዎች ሮጠው አቀፏት፤ እሱም ብስክሌቱን ጥሎ ተከተላቸው። ከዚያ አልተመለሰችም።

«ታዲያ አልደወሉላትም» አለ ይሁኔ።

«አልደወልኩላትም።»

ሁለቱም ሚዛኑን አዩ። አንማው አሁን ገባው። ጓደኛ ሆነችኝ ሲል የከረመው ለካ መሐላዋን ጠብቃ መንገድ ላይ ቀርታ ነው። ሦስት ክረምት በዝናብ አስደብድቧታል።

«ብደውል ትወርዳለች» አለ።

«ትወርዳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብስክሌቱ ይቀልላል።»

«ባልደውልስ?»

«ብረቱ ሳምንት ቢቆይ ነው። ሲሰበር ትወድቃለች። ያንኑ እጇን ነው የምትሰበረው።»

አንማው አዲሱን ብስክሌት እዚያው ትቶ በአሮጌው ወጣ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው፤ ከጣና በኩል ደመና እየመጣ ነበር። ቀስ ብሎ ነዳ። ስንጥቁ በየጉድጓዱ ሲጢጥ ይላል። በሆስፒታሉ በር በኩል ሲያልፍ ከኋላው ያለው ክብደት ትንሽ ወደ ጀርባው ተጠጋ፤ እሱም ሳያቆም አለፈ። ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣም የለመነችው ቤቴ መልሰኝ ብላ ነበር።

ግቢው ገብቶ በሩ ፊት አቆመ። ከኮርቻው ሳይወርድ እግሮቹን መሬት ላይ ተከለ። ጨርቁን ፈታ። ደወሉ ዝጓል። አውራ ጣቱ እምቢ አለው፤ የዛገው ደወል ሳይሆን ጣቱ ነው እምቢ ያለው። ቤት ውስጥ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር እንዳለ ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ደወለ።

«ደርሰናል» አለ። «ውረጂ።»

የኋላው ጎማ ቀስ ብሎ ቀና አለ። የታጠፈው ጋቢ መሐሉ ጎድጉዶ ነበር፤ ተነፋ። ሌላ ምንም አልተሰማም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ግቢውን በአንድ ጊዜ አራሰው፤ መለኪያው ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። አንማው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን መገመት ፈልጎ አቃተው። ከቤቱ በር ፊት፣ ጣራው ከማይደርስበት ቦታ፣ የአንድ ጥንድ ጫማ ስፋት ያለው መሬት ደረቅ እንደሆነ ቀርቷል።

መውረድ ነበረበት። አልቻለም። ከወረደ ነገሩ ሁሉ ያበቃ መሰለው። እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ከተሰነጠቀው ብረት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ዝናብ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም።

ቀና ሲል ደረቁ ቦታ በሩ ፊት የለም። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ፣ ከመሪው ጎን ሆኗል።

እጆቹ ኪሱ ውስጥ እንዳሉ ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ።