የተዋጠችው ፊደል

አዲሷ የባዮሎጂ መምህርት ስትደነግጥ የቃል መጀመሪያ ፊደል ትውጣለች። "እሺ" ልትል "ሺ" ትላለች። ወንድሞቿ "ፊደል በሊታ" እያሉ ነው ያሳደጓት። ዛሬ ደግሞ መደንገጥ አያዋጣም፤ ርዕሰ መምህርቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እያዳመጧት ነው፣ ካልወደዱት ሥራዋ በሙከራ ጊዜ ያበቃል። እኚህ ሴት እንኳን ሊስቁ፣ ጥርስ እንዳላቸውም የሚያውቅ የለም።

ትምህርቱ ራይቦዞም ነው፤ በህዋስ ውስጥ ያለች፣ በዓይን የማትታይ ታታሪ ሠራተኛ። ትንሹ ክፍሏ ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረውን መልእክት ይይዛል፣ ትልቁ አሚኖ አሲዶችን እንደ ዶቃ እየሰካ ፕሮቲን ይሠራል። መምህርቷ ይህን ስታስረዳ ተማሪዎቹ ማዛጋት ጀመሩ። ማዛጋት ደግሞ ይጋባል።

"መልእክቱን የምታነበው ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገች ነው" አለችና ሰሌዳው ላይ ገጣጥማ ጻፈች፦ ድመቷወተትጠጣች።

ዞር ስትል ርዕሰ መምህርቷ እስክሪብቷቸውን ሲያነሱ አየች። ክው አለች።

"መቷወ! ተትጠ! ጣች!" ብላ አነበበች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። "ቲቸር፣ ድመቷን ምን ነካት?" አለች ከፊት የተቀመጠች ለፍላፊ ተማሪ።

አለቀልኝ አለች በሆዷ። ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታይ ግን ሳትነበብ የቀረችው "ድ" መጀመሪያው ላይ ተገትራለች። እሷንም ሳቋ አመለጣት።

"የነካኋትስ እኔ ነኝ። አንዲት ፊደል ብውጥ ድመቷም ወተቱም ጠፉ። ራይቦዞምም መነሻዋን በአንዲት ፊደል ከሳተች ቀጥሎ ያለው ሁሉ እንዲህ ይዘበራረቃል፤ ፕሮቲኑም ለምንም አይሆንም። በሉ፣ ከ'ድ' እንነሳ!"

"ድመቷ! ወተት! ጠጣች!" ክፍሉ አስተጋባ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! እያንዳንዱ የራሱን መልእክት እየጻፈ ጓደኛውን ፊደል ያስውጠው ጀመር።

ደወሉ ሲደወል ርዕሰ መምህርቷ እንደተኮሳተሩ መጥተው እጃቸውን ዘረጉላት።

"ንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ።"

"ምን አሉኝ?"

"ንኳን ደስ አለሽ! ክፍሉ ያንቺ ነው።" ለካስ ጥርስ አላቸው፤ ያውም የሚያምር።

መምህርቷ በደስታ ደነገጠች።

"መሰግናለሁ!" አለች። ይህቺን እንኳ የዋጠቻት ሆን ብላ አልነበረም።