የከሊድ እጅ ማፍታቻ

ቀጭ።

ጁነይድ ካቀረቀረበት ቀና አለ። ቀጭ፣ ቀጭ። እጁን ሰዶ የጃኬቱን ኪስ ዳበሰ፤ አለች። ወንድሙ ከሊድ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቀጭ የምትለው መጫወቻው ግን ዛሬም ጁነይድ ኪስ ውስጥ ናት።

ድምፁ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ፣ ከሼህ በሽር ነበር። ዚክራቸውን የሚቆጥሩባት፣ ጣታቸው ላይ ያጠለቋት መቁጠሪያ በተጫኗት ቁጥር ቀጭ ትላለች።

"ምነው ደነገጥህ፣ ልጄ?"

"ምንም አይደል፣ ሼሃችን።"

ከጎናቸው የተቀመጡት ጋሽ ዘካሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው አሉ የወጣ። ያችን መጫወቻውን ደብቃበት። ሰው ተናዶ መሪ ይጨብጣል? ያውም በኮምቦልቻ ቁልቁለት!"

"ተው፣ የሰው ሥጋ አትብላ። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው" አሉ ሼህ በሽር።

"ቀደሩስ ቀደር ነው። ሰበብ ግን አያጣም።"

ጁነይድ ኪሱ ውስጥ ሰበቡን በመዳፉ ጨበጠ።

ከሊድ ሲጋራ ያቆመ ሰሞን እጁ ሥራ ፈታበት። አይሱዙውን ሲነዳ መሪውን ይደበድባል፣ ቤት ሲገባ የፎጣ ክር ይመዛል። አንድ ቅዳሜ ወንድማማቾቹ ኮምቦልቻ ወርደው ሰልዋ የምትባል ባለሱቅ ዘንድ የእጅ ማፍታቻ ሊመርጡ ቆሙ።

"የልጅ መጫወቻ እኮ ነው" አለች ሰልዋ።

"እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁ?"

የምትሽከረከረዋን ሞከራት። "ይቺ ዓይን ትፈልጋለች፤ መንገድ ላይ ትገድለኛለች" ብሎ መለሳት። ለስላሳዋን ኳስ ጨመቃት። ጁነይድ፣ "ይቺን ውሰድ፣ ድምፅ የላትም" አለው።

"አዎ፣ እንዳንተው ናት። ቢጨምቋትም አትናገርም!" ከሊድ ስቆ ባለ አራት ማዕዘኗን፣ ባለ ቁልፏን አነሳ። ቀጭ። "ይቺ ግን ትመልሳለች።"

ትመልስም ነበር። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው ግድግዳው ስስ ነው፤ ጁነይድ መጽሐፍ በገለጠ ቁጥር፣ ከከሊድና ከሚስቱ ከዊዳድ ክፍል ቀጭ ትላለች። ረቡዕ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ጁነይድ ከተሰቀለው የወንድሙ ካፖርት አወጣትና ትራሱ ሥር ከተታት። ለአንድ ቀን ብቻ።

ጧት ከሊድ "የት ጣልሽብኝ?" እያለ ሲጮህ፣ ዊዳድም "ወላሂ አላየኋትም!" ስትል፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሰማቸው። በሩ ተወርውሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው የአይሱዙው ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር።

ጁነይድ ከድንኳኑ ወጥቶ ሴቶቹ ወዳሉበት ገባ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ዊዳድ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ናት፤ ከጎኗ የተቀመጠ የለም። እናቱ ከድጃ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ጁነይድ ዊዳድ ፊት ተንበረከከና መጫወቻዋን መዳፏ ላይ አኖራት።

"እኔ ነኝ የወሰድኳት። ረቡዕ። እሷ አልነካቻትም።" የመጨረሻውን የተናገረው ለሴቶቹ ነበር።

"ያ አላህ!" አሉ ከድጃ።

ዊዳድ መዳፏን ብዙ አየችው። አውራ ጣቷን ጫን አደረገች። ቀጭ። ቆየችና ደገመችው። ከዚያ ብድግ አለች።

"የት ነው፣ ልጄ?" አሉ ከድጃ። "የባልሽን ኢዳ ይዘሽ? አራት ወር ከዐሥር ቀን ሳይሞላ ከቤት አይወጣም እኮ!"

ዊዳድ በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ መሃል የራሷን ለይታ አጠለቀች፣ በወንዶቹ ድንኳን በኩል አለፈች። ሼህ በሽር የሚቆጥሩበት ጣታቸው ቆመ። ጋሽ ዘካሪያ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከግቢው ወጣ፤ ወደ አስፋልቱ ራቀ። ጁነይድ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ፣ እስከማይሰማው ድረስ በጣቱ ቆጠረው።